ከጥሩወርቅ እጅ ያልተበላ ቆሎ

ጥሩወርቅ ሞተች ብለው ሲደውሉልኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ከአፌ ቀድሞ የወጣው «ወይኔ እታለም!» አይደለም። «ውብዓለም ሰምታለች ወይ?» ነው ያልሁት። ደዋይዋ ግራ ገብቷት «ምን አልሽኝ?» አለች። እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ በከፈትሁት ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ቆሜ የአንዲት ተማሪ ሹሩባ ገና ግማሽ አድርሼ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ሹሩባውን ቀጠልሁ። «የተጀመረ ራስ ይዘሽ ሞትም ቢጠራሽ፣ ጨርሼ እመጣለሁ በይው» ያለችኝ ራሷ ጥሩወርቅ ናት። ልጅቱ በመስታወቱ እንባዬን አይታ «እትዬ፣ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ፣ «ዝም ብለሽ አንገትሽን አቅኚ» አልኋት። ጨርሼ፣ ሱቄን ቆልፌ፣ ወደ ንፋስ መውጫ መኪና ፍለጋ ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ ያለቀስሁት ትንሽ ነው። የተናደድሁት ይበልጣል።

ጥሩወርቅ ሙያዬን ያስተማረችኝ ሴት ናት። ንፋስ መውጫ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ነበረቻት፤ ሁለት መስታወት፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ የውኃ በርሜል፣ ከኋላ ደግሞ የምታድርባት ጓዳ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ጀርባ የምትሸፍን ሴት ነበረች። ጣቶቿ በፀጉር ማንጫው ዱቄት ተሰነጣጥቀው የገበሬ ተረከዝ መስለዋል፤ ራስሽ ላይ ሲያርፉ ግን እንቅልፍ ያመጣሉ። እናቶች ገበያ ደክሟቸው መጥተው እጇ ላይ ያንኮራፉ ነበር። እሷም አትቀሰቅሳቸውም፤ «ተዪያት፣ ቤቷ ማን ያስተኛታል» ትለኝና ቀስ ብላ ትሠራለች።

ሻሽ ከራሷ አይወርድም። ደንበኞች «ጥሩዬ፣ የራስሽንማ ደብቀሽው ነው፤ ወገብሽ ሳይደርስ አይቀርም» እያሉ ይቀልዱባታል። ትስቃለች። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ትዘጋና መስታወቱ ፊት ተቀምጣ፣ ፀጉሯን በምላጭ ሙልጭ አድርጋ ትላጨዋለች። የሰውን ፀጉር ስታሳምር የምትውል ሴት የራሷን ታጠፋዋለች! መጀመሪያ ያየሁ ቀን ክው ብዬ ቀረሁ።

«ምነው እታለም? ስእለት ነው?»

«ስእለት አይደለም፤ ቂም ነው» አለችኝ። «ሰው በግድ የላጨኝን ራስ፣ ሰው ይቅርታ ሳይለኝ አላበቅለውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ስማዳ ገጠር ውስጥ ይርጋ የሚባል ገበሬ አግብታ ነበር። ሰውየው ሆዱን ታመመ፤ ሐኪም ቤት ተወስዶ፣ አልሻለው ብሎ፣ ሞተ። አለ አይደል፣ ሰው ታሞ ይሞታል። የይርጋ እናት ወይዘሮ ውብዓለም ግን «መድኃኒት አብልታ ነው ልጄን የገደለችው» አለች። ልቅሶው ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት፣ የጥሩወርቅን ሁለት እጅ ይዛ ወደ ላይ አንሥታ፣ «እዩት! የልጄ ደም ያለው እዚህ ነው!» ብላ ጮኸች። ባሏ የሞተባት ሴት በገዛ ፈቃዷ ፀጉሯን ትላጭ የለ? ጥሩወርቅን ግን አማቷ አንገቷን ተጭና፣ በደረቁ፣ ደም እስኪወርዳት ላጨቻት። ከዚያ ከቤትም ከመሬትም አስወጣቻት፤ ጥሩወርቅም ንፋስ መውጫ መጥታ ፀጉር መሥራት ያዘች።

ይህም አልበቃት ብሎ፣ ውብዓለም ልጆቿን ተከትላ ንፋስ መውጫ ገባች። ወሬዋንም ተሸክማ ገባች። እናንተዬ፣ የሰው ነገር ይገርማል! ከተማዋ ጥሩወርቅን አልጠላቻትም፤ ሥራዋን ይወዱታል፣ ይስሟታል፣ ሙሽራ ሁሉ እሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ነገር ግን ከእጇ አይበሉም። መስታወቱ ሥር አንድ ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ ነበራት፤ ሽምብራና ገብስ ደባልቃ፣ ሱፍ ጣል አድርጋ፣ ራሷ ቆልታ ትሞላዋለች። «ቅመሱ እንጂ፣ ሲጠብቁ ይሰለቻል» ትላለች። አንዷ «ጾም ይዣለሁ» ትላለች፣ አንዷ «ገና አሁን በልቼ» ትላለች። ራሳቸውን ይሰጧታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ይሰጧታል፣ ቆሎ ግን ከእጇ አይቀበሉም። ማሰሮዋ ጎድላ አታውቅም። ቆሎው ሲያረጅ ለዶሮ ይደፋል፣ አዲስ ይቆላል።

«ለምን ትደክሚያለሽ? ተዪው፣ ኧረ ገደል ይግቡ!» እላት ነበር በንዴት።

«አንድ ቀን አንዷ ትዘግናለች» ትለኛለች። «እሷን ቀን ነው የምጠብቅ።»

አንድ ዓመት ጥር ላይ ነው፤ የሰርግ ወር። ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ሹልክ ብላ ገባች። ስትገለጥ ሕይወት ናት፤ የውብዓለም የመጨረሻ ልጅ፣ የሟቹ የይርጋ እኅት። ልታገባ ሁለት ቀን ቀርቷታል። ስልኳን አውጥታ ከቲክቶክ ያስቀረችውን አሳየችን፤ ፀጉሯ የኮክ አበባ የመሰለ ሙሽራ። ደማቅ አይደለም፤ ስስ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ።

«ጥሩዬ፣ እባክሽ። ይኼን ከአንቺ በቀር የሚሠራልኝ የለም። እማዬ አንቺ ጋ መምጣቴን አታውቅም።»

ጥሩወርቅ አየቻት። በምራትነቷ ዘመን ይቺን ልጅ በጀርባዋ አዝላታለች፣ ፀጉሯን ጋሜ ሠርታላታለች። ማሰሮዋን አንሥታ ዘረጋችላት። «መጀመሪያ ቅመሺ። ሥራው ረጅም ነው፣ ይርብሻል።»

የሕይወት እጅ ከነጠላዋ ወጣ አለ። ማሰሮው አፍ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ተመለሰ።

«ጥርሴን ያመኛል» አለች፣ ወለሉን እያየች።

ጥሩወርቅ ማሰሮዋን መልሳ አስቀመጠች። እኔ በበኩሌ በዚያች ደቂቃ ልቤ ጥቁር ሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የልጅቱ ፀጉር ከነሥሩ ሲረግፍ ነው የታየኝ። ቀላል ነበር'ኮ! ማንጫው ዱቄት ጥቂት ካለፈበት ፀጉር እንደ ማስቲካ ይለጠጥና ብጥስ ይላል። ካስኩን አብርቶ ሻይ ልጠጣ ብሎ መውጣት ብቻ ነው። የመላጣ ሙሽራ እናት ትሁን! ጥሩወርቅን ጓዳ ጠርቼ ይህንኑ በጆሮዋ ነገርኋት።

«በእጄ?» አለችኝ ዓይኗን አፍጥጣ። «በዚህ በእጄ? ከዚያስ ምን ይላሉ? እጇ እንዲያ ነው አላልናችሁም፣ አይሉም?»

ወጥታ ሥራዋን ጀመረች። እንደዚያ ቀን ስትሠራ አይቻት አላውቅም። ዱቄቱን በጠበጠች። ከጫፍ ጀመረች፤ ሥሩ የራስ ሙቀት ስላለው ቶሎ ይነጣል፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። በየአፍታው አንዲት ዘለላ በፎጣ ጠርጋ ወደ በሩ ብርሃን ታወጣለች። ጥቁሩ ቀላ፣ ቀዩ ቢጫ ሆነ፣ ቢጫው ፈዘዘ። ልክ የሙዝ ልጣጭ ውስጡን ሲመስል አጠበችው። ከዚያ ሮዙን ቀለም ከነጭ ኮንድሽነር ጋር ለወሰችው፤ ነጩን ትጨምራለች፣ በነጭ ወረቀት ላይ ቀብታ ታየዋለች፣ ደግሞ ትጨምራለች። «ደማቅ ማንም ይቀባል። ስሱ ነው ሰው የሚለየው» ስትለኝ በማስተማር ድምፅዋ ነው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ፀጉሩ ደርቆ ሲበተን ሕይወት መስታወቱን አይታ እልል ልትል ቃጣት። እኔ ራሴ፣ ጥላቻዬን እንደያዝሁ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ልጅቱ ነጠላዋን ስትከናነብ ጥሩወርቅ ክንዷን ያዘቻት።

«ስሚኝማ። ይህ ቀለም ከላይ ነው የተቀመጠው፣ ገና አልጠለቀም። ቅባት ያላቅቀዋል። ስትወጪ እናትሽ ቅቤ አናትሽ ላይ ታደርጋለች፤ እንዳታደርግ። ቅቤ እንዳይነካው።»

«እነግራታለሁ።»

«እንዲሁ አይደለም። ጥሩወርቅ ናት ያለች በይ። ስሜን ጠርተሽ ንገሪያት።»

ልጅቱ ስትወጣ ነገሩ አልገባኝም። «ስምሽን ለምን? አንቺ ጋ መሠራቷንም አታውቅ።»

ጥሩወርቅ ሳህኑን እያጠበች ነው። አፏን በእጇ ጀርባ ሸፍና ሳቀች። «ስሜን ካልሰማች ትተወዋለች። ስሜን ከሰማች ኪሎ ቅቤ ትለድፍበታለች» አለችኝ።

በእኛ አገር ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ፣ እናቲቱ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ አድርጋ ትመርቃታለች። ዛሬ ዛሬ ቬሎው እንዳይበላሽ በጣት ጫፍ ነካ አድርጎ ማለፍ ነው። የሰርጉ ዕለት የሕይወትን ቬሎ እንድሰካ የተላክሁት እኔ ነበርሁ፤ ውብዓለም የማን ሠራተኛ እንደሆንሁ አታውቅም። ሚዜዎች ደርሰው ድንኳኑ ሞልቷል፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ውብዓለም ነጭ በነጭ ለብሳ፣ የቅቤውን ጣባ ይዛ መጣች። የፀጉሩን ቀለም አይታ ፊቷ ቢጠቁርም፣ ዘመዶቿ «እሰይ፣ አበባ መስላለች!» ስላሉ ዋጥ አደረገችው።

ሕይወት እጇን አንሥታ፣ ሳታስበው፣ «እማዬ፣ ቅቤው ይቅር። ጥሩወርቅ ቅቤ እንዳይነካው ብላለች» አለች።

ወይ ጉድ! ያንን ፊት በስዕል ባስቀረሁት እላለሁ።

«ማን? ማን አልሽ?»

«ጥሩ...»

«ልጄን የበላች በቅቤዬ ልታዝ! በቤቴ! በልጄ አናት!» ብላ ጣባውን አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ ዛቅ አድርጋ፣ የልጅቱን ራስ ከግራ ከቀኝ አሸችው። ቬሎውን ገፍታ እስከ ማጅራቷ አወረደችው። ሕይወት ስታለቅስ እሷ በንዴት ትመርቃለች፤ «ለምለሚ! ውለጂ! ክበጂ!» ከዚያ ወደ ሙሽራው ዞራ ጉንጮቹን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው።

እጇ ሲነሣ የልጁ ጉንጭ ላይ ጣቶቿ ቀርተዋል። ሮዝ። በሙሽሪት አንገት ዙሪያ፣ በቬሎው ነጭ ላይ፣ ቅቤው እየቀለጠ መስመር መስመር ሠርቶ ይወርዳል። ውብዓለም እጇን በነጠላዋ ጠረገች፤ ነጠላው ተበላሸ፣ እጁ ግን አልለቀቀም። ደማቅ ቢሆን ቀለም ነው ይባል ነበር። እንደ ታጠበ ደም ሆኖ ቀረ።

አንዲት ከስማዳ የመጡ አሮጊት አክስት፣ ክፋት የሌላቸው ሴት፣ «ውብዬ፣ እጅሽን ምን ነካው? ደም መሰለ'ኮ» አሉ።

ድንኳኑ ሙሉ ወደ እጇ ዞረ። ያ ሁሉ የስማዳ ሰው በይርጋ ልቅሶ ላይ ነበር። የማን እጅ እንደተነሣና ምን እንደተባለ የማያስታውስ አልነበረም። ውብዓለም ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። እኔ ደግሞ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ አልዋሽም። እየሮጥሁ ሄጄ ለጥሩወርቅ አንድ በአንድ ስነግራት ሳትስቅ አዳመጠችኝ።

«ሕይወትስ ምን በደለች?» አልኋት፣ ነገሩ ሲበርድልኝ።

«ጥርሷን ያማታል» አለች።

በሳምንቱ መጨረሻ ውብዓለም ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመች። ቤቱ በሴት ሞልቷል። እጆቿ ነጠላዋ ሥር ናቸው። በሳሙናም፣ በሎሚም፣ በአመድም አሽታው ኖሮ ቆዳዋ ተልጧል፤ በጥፍሮቿ ዙሪያ የቀረው ቀለም በቆሰለው ላይ ባሰ እንጂ አልጠፋም። ሰው ጠላ ስትቀዳ እጅ እጇን ያያል ተብሎ ተወርቷል።

«ምንድን ነው የሚያስለቅቀው?» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትል።

ጥሩወርቅ ከያዘችው ራስ ቀና አለች። «ይግቡ፣ ይቀመጡ። አውቃለሁ የሚያስለቅቀውን። በእጄ አጥብዎታለሁ።» ያኔ ነው ምድጃው ላይ ያለውን ውኃ ያየሁት። ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ በየጧቱ ሳፋ ሙሉ ውኃ ታሞቅ ነበር፤ ለደንበኛ መስሎኝ። «አንዲት ቃል ብቻ ይስጡኝ። እዚህ፣ ሴቶቹ ፊት። ጥሩወርቅ ልጄን አልገደለችም ይበሉ።»

ካስኩ ሥር ያለችው እንኳ ራሷን አውጥታ አዳመጠች። ውብዓለም ሳፋውን አየች፣ ሴቶቹን አየች። አፏ ተከፈተ፤ ለአንድ አፍታ የምትለው መሰለኝ።

«እጄ ይቆረጥ!» አለችና ወጣች።

ጥሩወርቅ ሳፋውን በሁለት እጇ ይዛ መንገዱ ላይ ደፋችው። ተመልሳ ገባች። ወንበር ሰጠኋት። «ዛሬ ትለዋለች ብዬ ነበር» አለችኝ። «እጇን ያቀላሁት'ኮ ለዚች ለአንዲት ቃል ብዬ ነው፣ ስንታየሁ።» ያን ቅዳሜ እንደ ልማዷ በሩን ዘግታ ምላጯን አወጣች።

እኔ ወደ መካነ ኢየሱስ ሄድሁ፣ የራሴን ሥራ ያዝሁ። የጥሩወርቅ ደረት ከዱቄቱ ብናኝ ይሁን ከሌላ፣ እያደር ይዟት መጣ። ስደውልላት በሳል መካከል «ቆሎ ቆልቻለሁ፣ ነይ ብዪ» ትለኛለች። በመጨረሻ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰዷት፤ በሕይወት አልተመለሰችም። ሲገንዟት ሻሿን የፈታሁት እኔ ነኝ። ራሷ የተላጨ ነው። ሴቶቹ «በሽታው ነው ያረገፈው» እያሉ አለቀሱላት። አላረምኋቸውም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ተቀምጠን፣ ንፍሮ እየዞረ፣ ውብዓለም ሕይወትን ተከትላ ገባች። ደሜ ፈላ። ሴቶች ደረት ይደቃሉ፤ እሷ ግን እጇን ከነጠላዋ አላወጣችም። ቀለሙ ከለቀቀ ስንት ጊዜው፣ ልማዱ ግን አለቀቃትም።

«እጅዎን ያውጡ እንጂ!» አልኋት ሁሉ ፊት። «ደረት በነጠላ ሥር ይደቃል?»

ሰው ደነገጠ። ካህኑ «ስንታየሁ፣ ልጄ» አሉ። ውብዓለም ግን ቀስ ብላ እጆቿን አወጣች። ንጹሕ ናቸው፤ የደከሙ የአሮጊት እጆች። አየቻቸውና፣

«ልጄ ታሞ ነው የሞተ» አለች። «ጉበቱ ነው ብሎ ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር። ጥሩወርቅ አልገደለችውም።»

ያኔውኑ! ሰማችሁ? ያኔውኑ ታውቅ ነበር! ሰው ሁሉ «እፎይ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ትልቅ ነገር አደረግሽ» ማለት ጀመረ። እሷን ማመስገን! እኔ ተነሥቼ መንገዱን ተሻገርሁ፣ ፀጉር ቤቱን ከፈትሁ። ማሰሮዋ በቦታዋ ናት፣ እስከ አፏ ሙሉ፤ ሆስፒታል ከመሄዷ በፊት የቆላችው። አቅፌ ወደ ድንኳኑ ተመለስሁ።

መጀመሪያ ውብዓለም ፊት ዘረጋሁት። «ከጥሩወርቅ እጅ ነው» አልኋት።

ዓይኔን አየችኝና ዘገነች። በላች፤ አንድ በአንድ እያኘከች በላች። ከዚያ ሕይወት ዘገነች፤ ጥርሷን አላመማትም። ከዚያ የሠፈር ሴቶች፣ ያቺ ጾመኛዋ፣ ያቺ ገና አሁን የበላችው፣ ሁሉም እየተቀባበሉ ዘገኑ። «ሲጣፍጥ! ምነው ሱፍ አለበት እንዴ?» አለች አንዷ። ሌላዋ ለልጆቿ ቋጠረች።

ማሰሮዋ ድንኳኑን ዞራ ባዶዋን ወደ እጄ ተመለሰች።